ለገዛ ልቅሶዬ ዘግይቼ ስለ መድረሴ

ከዚህ በታች የምተርከውን ነገር በከፊል አይቻለሁ፣ በከፊል ሰምቻለሁ፤ ዋናው ክፍል ሲፈጸም ግን ተኝቼ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን ሳላስቀድም ወደ ነገሩ መግባት አይሆንልኝም። ተማሪዎቼን “ምንጩ ማን ነው? በስፍራው ነበረ ወይ? ዋሽቶ የሚያገኘው ጥቅም አለ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ እላቸው ነበር። ጥያቄውን ዛሬ በራሴ ላይ ሳውለው መልሱ አያስደስትም። ምንጩ እኔ ነኝ፤ በስፍራው ነበርሁ፣ ነገር ግን በአንሶላ ተሸፍኜ፤ ዋሽቼ የማገኘው ጥቅምም አለ፣ ከሞኝነቴ ጥቂቱን መቀነስ።

ከእኔ ሌላ የአጥር ጎረቤቴ እትዬ አረጋሽ አሉ። የሆነውን ሁሉ አይተዋል፤ ያዩት ግን በእንባ ውስጥ ነው። ባለባጃጁ ሰይድም አለ፤ እሱ አንድን ነገር በነገረኝ ቁጥር ነገሩ እያደገ ስለሚሄድ፣ ከቃሉ የምወስደው መጀመሪያ የነገረኝን ብቻ ነው፤ የትኛው መጀመሪያ እንደ ነበረ ግን ተምታቶብኛል። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ በቀለ ብዙ ያውቃሉ፤ ይሁን እንጂ ከሳሼ ነበሩ። የመጨረሻው ምስክር ሸክላው ነው። ሸክላው አይዋሽም፤ ጉድለቱ አንዱን ነገር ደጋግሞ መናገሩ ነው፣ ይህም በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚነቅፈው ጉድለት አይደለም።

ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድሁት ለጉልበቴ ብዬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የደጋው ብርድ ጉልበቴን ቆልፎ ስለ ያዘው፣ ሐኪሙ “ቆላ ቢወርዱ ይሻልዎታል” አለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ብዙም ሳልቆይ ያለ ከዘራ እስከ ገበያው መሄድ ቻልሁ። ሐኪሙ ያላሰበው፣ እኔም ልጠይቀው ያልታወሰኝ፣ አብረውኝ የሚወርዱት የጃዝ ሸክላዎቼ ምን እንደሚሆኑ ነው። ሸክላ የምለው፣ በማጫወቻው ላይ እየዞሩ መርፌ ሲነካቸው የሚዘፍኑትን ጥቁር ክብ የሙዚቃ ሳህኖች ነው። ጉልበትን የሚያላላ ሙቀት ሸክላንም ያላላል። አንዱ እንደ ሰፌድ ጎደጎደ፤ ሌላው ጠርዙ ተነሥቶ ባርኔጣ መሰለ። የምወደው ፒያኖ ተጫዋች በአንድ ዜማ ውስጥ ከሮቢት ደብረ ሲና ወጥቶ ሲመለስ ይሰማኝ ጀመር፤ ሲወጣ ያቃስታል፣ ሲወርድ ይፈጥናል።

በዚህች ከተማ ከእኔ በቀር ጃዝ የሚያደምጥ የለም ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ቤት ለቤት ዞሬ አልጠየቅሁም። የማውቀው፣ አንድ ቀን ባጃጁ ውስጥ ከስልኬ ጥቂት ሳስደምጠው ሰይድ በትዕግሥት ሰምቶ ሰምቶ፣

“ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?” ማለቱን ነው።

“ጀምሯል እኮ።”

“ወላሂ? እኔ ገና እየሞከሩ መስሎኝ።”

ሸክላዎቼን ለማዳን ያልሞከርሁት የለም። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር አኖርኋቸው፤ ከሙቀት ዳኑ፣ ልባሳቸውን ግን ሻጋታ በላው። በመጨረሻ አንድ ሥርዓት አወጣሁ፦ ሙዚቃ የማደምጠው ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ብቻ ይሆናል። ሥርዓቱ በሳይንስ በኩል እንከን አልነበረበትም። እንከኑ፣ ጎህ ሲቀድ የሌላ ሰው የሥራ ሰዓት መሆኑን መዘንጋቴ ነው።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ጋሽ በቀለ በማለዳ ጡሩምባቸውን ይዘው ይወጣሉ። ረዘም አድርገው ይነፉና የሟቹን ስም ይጣራሉ። ያን ጊዜ ሙስሊም የለ ክርስቲያን የለ፣ የሽንኩርት ማሳውን ውኃ የሚያጠጣው ውኃውን ዘግቶ፣ ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ስሙን ያልሰማ ሰው ልቅሶው ወዳለበት ይሄዳል እንጂ “ማን ሞተ?” ብሎ ደጅ ለደጅ አይጠይቅም፤ ነውር ነው።

እኔ በዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም። ስሞት የሚያነሣኝ፣ ጉድጓድ የሚቆፍርልኝ፣ ድንኳን የሚጥልልኝ እድሩ ብቻ ነው። ስለዚህም እድርተኛ ለመሆን ብዙ ደጅ ጠናሁ። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ኑር በመጨረሻ ሲቀበሉኝ፣ “መምህር፣ እዚህ እድር ውስጥ ሁሉም ይቅር ይባላል፤ በሞት መቀለድ ግን አይቻልም፤ ያሰርዛል” አሉኝ። “በሞት ለመቀለድ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም” ብዬ መለስሁ። ይህን ማለቴን በሚገባ አስታውሳለሁ፤ በኋላ በስብሰባ ላይ ተጠቅሶብኛልና።

አሁን ወደ ሸክላው እመጣለሁ። ያገኘሁት ከእኛ በስተ ሰሜን ባለችው ካራቆሬ ከተማ ነው። ለምን እንደ ሄድሁ አላስታውስም፤ ምናልባት ለምንም አልነበረም። እትዬ ዘሃራ ከሚባሉ ሴት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ የወተት ማሰሮአቸው የተከደነበት ነገር ዓይኔን ያዘው።

“እትዬ፣ ይህ ክዳን…”

“ምን ሆነ? ታጥቧል!”

“መታጠቡንስ አያለሁ። ሸክላ ነው፣ ሙዚቃ አለበት።”

“ሙዚቃ?” ሣቁብኝ። “እኔ ቤት አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዝንብ ግን አያስገባም።”

“መካከሉ ቀዳዳ ነው እኮ።”

“እሱማ ለእንፋሎቱ ነው።”

እንዲሸጡልኝ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን ገንዘብ ወተት አይከድንም ብለው፣ ክዳን አምጥቼ ክዳን እንድወስድ ፈረዱ። ገበያ ሄጄ የብረት ክዳን አመጣሁ፤ ጠበበ። ተመልሼ ሌላ አመጣሁ፤ እትዬ ዘሃራ ገጥመው፣ አንኳኩተው፣ ሽታውን እንኳ አሽትተው ተቀበሉኝ። ሸክላው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ወተቱ አጥቦት ስለ ነበር የሙዚቀኛው ስም አልተነበበም። በወጣትነቴ በአንድ ወዳጄ ቤት የሰማሁት፣ ከዚያ ወዲህ ስፈልገው የኖርሁት የጡሩምባ ዜማ ይሆናል ብዬ ልቤ ደነገጠ። ልብ ግን እንደ ምንጭ አይጠቀስም።

ከሚኒባስ ወርጄ ሰይድ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ቀኑ ተቃጥሏል። “ጋሼ፣ ጭንዎ ላይ ላብ ይነካዋል። ከፊት መስታወቱ ሥር ይሁን፣ ንፋስ ያገኛል” አለኝ። ያገኘው ፀሐይ ነው። ቤቴ ስደርስ ሸክላው ወገቡ ተሰብሮ ኮርቻ መስሏል።

“ሰይድ፣ ይህን ታያለህ?”

ግራና ቀኝ አገላብጦ አየው። “እንዲያውም አሁን መቀመጫ ወጣለት፣ ጋሼ።”

ለማቃናት ብዬ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስተኛሁትና ሙሉ የማሾ ጆንያ ጫንሁበት። አገሩ የማሾ አገር ስለ ሆነ ከዚህ የተሻለ ክብደት አላገኘሁም። ሸክላው ከሰነበተ በኋላ ቀና ብሎ ወጣ። ነገር ግን ከጆንያው ቀዳዳ አንዲት የማሾ ፍሬ ሾልካ ከሥሩ ገብታ ኖሮ፣ አንድ ቦታ ላይ አጎድጉዳዋለች። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ማጫወቻውን ከመስኮቱ አጠገብ አኖርሁ፤ ጆሮዬ ስለ ደከመ ድምፁን ከፍ አደረግሁ። በረንዳው ላይ ባለችው አልጋ ላይ ወጥቼ፣ በቆላ እንደሚደረገው አንሶላ በውኃ ነክሬ፣ ትንኙንም ሙቀቱንም ለመከላከል ከራስ እስከ እግሬ ተሸፋፈንሁ። ጡሩምባው ብቻውን ጀመረ፤ ሌላ መሣሪያ የለም። ረጅም፣ ደግሞም ረጅም፣ ከዚያ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል መርፌው ማሾዋ ወዳጎደጎደችው ስፍራ ደርሶ ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ረጅም፣ ደግሞም ረጅም። ‘ምን ዓይነት ጽናት ነው’ እያልሁ አደነቅሁ። በመደነቅ ላይ ሳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከሰው አፍ የሰበሰብሁት ነው። ሰፈሩ ጡሩምባ ሰማ፤ ስም ግን አልተጠራም። እትዬ አረጋሽ ድምፁ የመጣበትን ሲፈልጉ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉና፣ በበረንዳው ላይ በነጭ የተገነዘ ሰው አዩ።

“ወይኔ መምህር! ወይኔ ጎረቤቴ! ጉልበትዎ እኮ ተሽሎዎት ነበር!”

እየጮኹ ሰው ሊጠሩ ወደ እድሩ ቤት ሮጡ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋና ማጫወቻው ቆመ። እኔን የቀሰቀሰኝ ጩኸቱ ነው። ሙዚቃው ዝም ማለቱን አይቼ ያለቀ መሰለኝ። ልቅሶው ወደ ታች እየራቀ ሲሄድ፣ ‘ወይ ጉድ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ እኔ ተኝቻለሁ፤ ገና አዲስ እድርተኛ ሆኜ!’ ብዬ ጥቁር ኮቴን በዚያ ሙቀት ደረብሁ፤ በጓሮ በር፣ በፓፓያዎቹ መካከል ወጥቼ ጩኸቱን ተከተልሁ። እኔ በጓሮ ስወጣ ሰዉ በፊት ለፊት ገባ።

ያገኙት እርጥብ አንሶላ ብቻ ነው። ሐጂ ኑር አንሶላውን ዳስሰው፣ “ሬሳ ተነሥቶ አይሄድም” አሉ። ሰይድ ወዲያው መልስ ነበረው፦ “ዘመዶቹ ናቸዋ! ከደጋ መጥተው ሳይነግሩን ወሰዱት!” ይህ እድሩን ክፉኛ አስቆጣ። በእድር ላይ ሬሳ መቀማት ተሰምቶ አያውቅም። ሰይድ ጎረምሶች ጭኖ ሬሳዬን ለማስመለስ በባጃጅ ወደ ደብረ ሲና ዳገት በረረ። የቀሩት “ሬሳው ቢመለስም ባይመለስም ልቅሶው አይቀርም” ብለው ከደጄ ፊት መንገዱ ላይ ድንኳን ጣሉ። ለንፍሮ የሚሆን እህል ሲፈልጉም ቤቴ ውስጥ ሙሉ የማሾ ጆንያ አገኙ።

እኔ ጩኸቱን ስከተል ጠፋብኝ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ስለ ነበር መንገዱ ጭር ብሏል። ብዙ ዞሬ፣ በላብ ተጠምቄ፣ በሌላው አቅጣጫ ስመጣ ድንኳን አየሁ። መንገዱን ሞልቶት ስለ ነበር ከጀርባው ያለው የእኔ በር መሆኑን አላስተዋልሁም። መዘግየቴ አሳፍሮኝ አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ንፍሮ በጄ ተደረገልኝ፤ ቀምሼ ‘ጥሩ ማሾ ነው’ ብዬ አሰብሁ።

ማን እንደ ሞተ መጠየቅ ስለማይገባ፣ በሙያዬ መሠረት ከሚነገረው መረጃ ለመሰብሰብ ወሰንሁ።

“ምን ዓይነት ጠንቃቃ ሰው ነበሩ!” አለ አንዱ። “አንድ ቀን ‘ደህና ነኝ’ ብለውኝ አያውቁም። ‘ደህና ሳልሆን አልቀርም’ ነበር የሚሉት።”

“ብቻቸውን ኖረው ብቻቸውን ሄዱ” አሉ አንዲት ሴት።

“ያ የሚያስጮኹት ነገርስ?” አለ ሌላው ዝግ ብሎ።

“እሱን አላህ ይማራቸው።”

እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርሁም። ያሰብሁት፣ ከእኔ ጋር ይህን ያህል የሚመሳሰል ሰው በአንድ ሰፈር እየኖረ ሳንተዋወቅ መቅረታችን ነው። ብንገናኝ ኖሮ ጃዝ አስደምጠው ነበር፤ ‘መቼ ነው የሚጀምረው’ ባላለኝም። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ፤ አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ሳያዩኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

በዚህ መካከል ጋሽ በቀለ ጡሩምባቸውን ጨብጠው እንደ ዝናብ ደመና ጠቁረው ገቡ።

“ማን ነው የነፋው? እኔ በቤቴ እያለሁ፣ በእድሩ ስም ማን ነው የነፋው?”

 ከወንበር ወንበር እያለፉ ሁሉንም ፊት ፊቱን ያዩ ጀመር። እኔ ዘንድ ደረሱ።

“እርስዎ ነዎት?”

“ኧረ እኔ መንፋት አልችልም፣ ጋሽ በቀለ። እኔም ልቅሶ ሰምቼ ነው የመጣሁ።” ከዚያ፣ አጋጣሚውን ላለማሳለፍ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “ለመሆኑ ሟቹ ማን ናቸው?” አልሁ።

“መምህር ናቸው እንጂ!”

“የትኛው መምህር?”

ጋሽ በቀለ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እትዬ አረጋሽ የያዙት የንፍሮ ትሪ መሬት ወረደ። “በስመ አብ!” የሚለውና “አዑዙ ቢላህ!” የሚለው አንድ ላይ ወጣ። እኔ ለማረጋጋት ብዬ፣ “አትደንግጡ፣ እስካሁን ባለኝ መረጃ የሞትሁ አይመስለኝም” አልሁ፤ ንግግሩ እንዳሰብሁት አላረጋጋም።

በዚያች ቅጽበት መብራት መጣ።

ከባዶው ቤቴ ውስጥ መጀመሪያ የበሬ ጉሮሮ የሚመስል ማጉረምረም ተሰማ፤ ቀስ በቀስ እየቀጠነ፣ እየጠራ፣ ጡሩምባ ሆነ። ረጅም፣ ደግሞም ረጅም። ሰዉ ሁሉ የጋሽ በቀለን እጅ አየ። ጋሽ በቀለም እጃቸውን አዩ፤ ጡሩምባቸውን እንደ እባብ ከሰውነታቸው አርቀው ያዙት። ከዚያ በኋላ ማን ምሰሶውን እንደ ያዘ አልተጣራም፤ ድንኳኑ በላያችን ወደቀ።

ከሸራው ሥር ስወጣ ሰይድ ሲመለስ ደረሰ። ባጃጁ ከዳገቱ ሥር ውኃው ፈልቶ ስለ ቆመ፣ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ እያስቆሙ ሬሳ ሲፈልጉ ውለዋል፤ ሽንኩርት ከጫነ አንድ ሹፌር ጋርም ተጣልተዋል። ቆሜ ሲያየኝ መደንገጥ ሲገባው ተቆጣኝ።

“ጋሼ! እኛ ተራራው ሥር ፀሐይ እየጠበሰን፣ አንቱ እዚህ ንፍሮ ይበላሉ?”

በሳምንቱ የእድሩ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ በቀለ ክሱን ቆመው አሰሙ፦ “ሰው ሳይሞት ተነፋ። ነገ እኔ ስነፋ ማን ያምነኛል? ወይ ሸክላው እዚሁ ፊታችን ይሰበር፣ ወይ ሰውዬው ይሰረዙ!” ሐጂ ኑር ወደ እኔ ዞሩ። “መምህር፣ ምን ይላሉ?”

ነገሩን በሁለቱም በኩል መረመርሁ። ሸክላውን ብሰብር ቀባሪ አገኛለሁ። ባልሰብር፣ አንድ ቀን በእውነት በረንዳዬ ላይ ተሸፍኜ ስቀር የሚገልጠኝ አይኖርም። በጡረታዬ ዘመን ከዚህ የከበደ ጥያቄ አልገጠመኝም። ሆኖም ከአፌ የወጣው፣ ያለ “ምናልባት” እና ያለ “ይመስለኛል” የተናገርሁት ብቸኛ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ “ሸክላው አይሰበርም።”

 ሐጂ ኑር ጢማቸውን ዳሰሱ። “ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። ተከሳሹን እንስማው” አሉ። እድሩ በሙሉ ወደ ግቢዬ መጣ። መርፌውን አሳረፍሁ፣ ጡሩምባው ጀመረ፣ ማሾዋ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። ጋሽ በቀለ ጉንጫቸውን ሳያውቁት ነፍተው ያዳምጡ ነበር።

“ማን ሞቶበት ነው?” አሉኝ።

“ማንም። ጃዝ ነው፤ ደስ ሲለውም ይነፋል።”

“ደስ ብሎት? በጡሩምባ?” ጎረቤቶቻቸውን አዩ። “ዕድሜዬን ሙሉ ነፍቼ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ አልነፋሁም። መች ተፈቀደልኝ?” ከዚያ ወደ ማጫወቻው ጠጋ ብለው፣ “ድገሙት” አሉ። መድገሙን ሸክላው ራሱ ይዞት ነበር።

የሐጂ ኑር ፍርድ ይህ ሆነ፦ ሸክላው አይሰበርም፣ እኔም አልሰረዝም። ነገር ግን ሕዝቡ እንዳይሳሳት፣ መምህር ሸክላቸውን ከመክፈታቸው በፊት ጋሽ በቀለ ሰፈሩን ዞረው፣ ጡሩምባ ነፍተው፣ ማንም አለመሞቱን ይናገራሉ።

በመጀመሪያው ማለዳ ሰዉ ጡሩምባውን ሰምቶ፣ ንግግሩን ሳይጠብቅ፣ ድንኳን ተሸክሞ መጣ። ቆይቶ ግን ለመደው። “ማንም አልሞተም!” እየተባለ መንቃት ለብዙዎች ጣማቸው። አንድ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ሸክላ ሳልከፍት ባደርሁ ጊዜ፣ እትዬ አረጋሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ “መምህር፣ ዛሬ ‘ማንም አልሞተም’ አልተባለም እኮ፤ ማን ሞተ?” አሉኝ። ከኋላቸው የሰፈሩ ግማሽ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ብታመምም እከፍታለሁ። ጋሽ በቀለ ዙራቸውን ሲጨርሱ መጥተው ከአልጋዬ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በእውነት ሰው የሞተ ቀን ሸክላው ዝም ይላል፤ ተነሥተን አብረን እንሄዳለን።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ዜማው ከማሾዋ ስፍራ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ሰምቼ አላውቅም፤ በወጣትነቴ የሰማሁት እሱ መሆን አለመሆኑ የሚለየው ደግሞ እዚያ ነው። በቅርቡ አንድ ማለዳ ጋሽ በቀለ በኃይል ነቅንቀው ቀሰቀሱኝ።

“አለፈ! መምህር፣ አለፈ!”

“ማን አለፈ? ጡሩምባ ነፉ እንዴ?”

“ሰውዬው ነው እንጂ! ያቺን ማሾ ዘሎ አለፋት። እስከ መጨረሻው ነፋ!”

“ከዚያስ? ምን ነበር?”

ጋሽ በቀለ ጡሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። “እኔ የምለውን ነው የሚለው። ማንም አልሞተም ነው።”

መርፌውን መልሼ አሳረፍሁ፤ ማሾዋ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። ምስክሩ አንድ ነው፤ በነገሩም ጥቅም ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የተባለውን ከነባለቤቱ መዝግቤ፣ አልተረጋገጠም ብዬ አልፌዋለሁ። በየማለዳው ነቅቼ ልጠብቀው እሞክራለሁ፤ እስካሁን ግን ጋሽ በቀለ ‘ማንም አልሞተም’ እያሉ ከታችኛው መንገድ ሲመለሱ መርፌውን አሳርፍና፣ ማሾዋ ዘንድ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።